የአልማዝ ቀለም ደረጃ፦ ለቢጫ ወርቅና ለነጭ ወርቅ ቀለበት የትኛው ይስማማል?

የጥር ሠርግ ሲቃረብ ከባህር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ወርቅ ቤት ቀለበት የሚገዛ፣ አለዚያም ውጭ አገር ባለ ዘመዱ በኩል የሚያስመጣ የጎጃም ሰው አልማዝ ካሰበ፣ ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የድንጋዩ ቀለም መሆኑን አስቀድሞ ቢረዳ ይጠቅመዋል። በተለመደው አልማዝ ዘንድ የቀለም ደረጃ የሚለካው ድንጋዩ ከቢጫነት ምን ያህል የራቀ እንደሆነ ነው፤ ቢጫነቱም አልማዙ በምድር ውስጥ ሲፈጠር ከካርቦኑ ጋር ከገባ ናይትሮጅን የሚመጣ ነው።

የአሜሪካ የዕንቁ ጥናት ተቋም፣ በአጭሩ ጂአይኤ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ በእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጠሩ፣ ከዲ (D) እስከ ዜድ (Z) ያሉ 23 ደረጃዎች አሉት። ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ቀለም አልባ ይባላሉ፤ ከጂ (G) እስከ ጄ (J) ያሉት ለቀለም አልባነት የቀረቡ ናቸው፤ ከኬ እስከ ኤም ባሉት ላይ ፈዛዛ ቢጫነት ይታያል፤ ከዚያ በታች ቢጫነቱ እየጎላ ይሄዳል።

በተጎራባች ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን እጅግ ረቂቅ ነው። በደጀን ወይም በቢቸና ገበያ ማኛን ከነጭ ጤፍ መለየት የሚፈልግ ሸማች ሁለቱን መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ያያል፤ ነጩን ለብቻው አቅርበው ማኛ ነው ቢሉት ሊያምን ይችላልና። አልማዝም እንዲሁ ነው፤ ባለሙያዎች ደረጃ የሚሰጡት ድንጋዩን በግንባሩ ደፍተው፣ ደረጃቸው ከታወቀ ድንጋዮች ጋር በማስተያየት ነው፤ ከፊት ሲታይ ብልጭታው ቀለሙን ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ምርጫው በፊደሉ ብቻ ሊወሰን አይገባም፤ ድንጋዩ የሚቀመጥበት ማዕድንም አብሮ መታየት አለበት። በነጭ ወርቅ ወይም በፕላቲነም ላይ ጥቂት ቢጫነት እንኳ ቶሎ ስለሚጋለጥ ጂ ወይም ኤች መምረጥ ተገቢ ይመስለኛል። አብዛኛው የአገራችን ሰው በሚወደው ቢጫ ወርቅ ላይ ግን ማዕድኑ ራሱ በድንጋዩ ውስጥ ስለሚንጸባረቅ፣ አይ (I) ወይም ጄ፣ አንዳንዴም ኬ፣ አምሮ ይታያል፤ ለዲ የሚከፈለው ከፍተኛ ጭማሪ በቢጫ ወርቅ መካከል የሚባክን ገንዘብ ነው፤ ያንን ገንዘብ ለተሻለ አቆራረጥ ማዋልን አጥብቄ እመክራለሁ። ቀለበቱ ቢጫ ሆኖ ድንጋዩን የያዙት ጥርሶች ነጭ ከሆኑ ግን እንደ ነጭ ወርቅ ቆጥሮ መምረጥ ያሻል።

ብሪሊያንት የሚባለው ባለ ብዙ ትናንሽ ገጽ ክብ አቆራረጥ ብርሃንን በብዛት ስለሚመልስ ቢጫነትን ይደብቃል፤ ኤመራልድ የሚባለው ባለ ሰፋፊ ገጽ አቆራረጥ ግን ያጋልጣል። ድንጋዩ በተለቀ መጠንም ቀለሙ ይጎላል። ከዜድ ያለፈ ደማቅ ቢጫ አልማዝና በቦሮን ምክንያት ሰማያዊ የሆነው በሌላ መለኪያ የሚመዘኑ ሲሆን፣ በእነርሱ ዘንድ የቀለም መድመቅ ዋጋ ይጨምራል።

ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ድንጋዩን በነጭ ወረቀት እጥፋት ላይ ደፍቶ፣ ከሱቁ መብራት ራቅ ብሎ በመስኮት ጥላ ውስጥ ከጎን ይመልከተው። በምስክር ወረቀቱ ላይ ጠንካራ ሰማያዊ ፍሎረሰንስ (ድንጋዩ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሥር ሰማያዊ ብርሃን መስጠቱ) ተብሎ ከተጻፈ፣ በፀሐይ ብርሃን ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ቢጫውን ድንጋይ ነጣ አድርጎ ሊያሳየው ስለሚችል፣ ያንኑ ድንጋይ በማታ አምፖል ሥር ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።