ካሴት ወደ ፍላሽ የምትገለብጠው የደሴ ሱቅ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሴት ወደ ፍላሽ የምትገለብጥ ጠባብ ሱቅ አለች። የእናቴን ካሴቶች ይዤ ሄድኩ። ልጁ ስራውን ያውቃል፤ የአንዱ ክር ተጠላልፎ ነበር፣ ሳይቸኩል ፈታውና በእስክርቢቶ አጠነጠነው፣ የማጫወቻውን "ሄድ"፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ደግሞ በአልኮልና በጥጥ ጠረገ። ሹሹታውን ጨርሶ አያጠፋውም። "እሱን ካጠፋሁት ድምፁም አብሮ ይሄዳል" አለኝ።

ቤት ስከፍተው እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ዘፈኑ አምባሰል ነው። ገና ክራሩ ሲጀምር ቢላዋውን አስቀመጠችና የሰርጓን ቀን ታወራ ጀመር፤ ጭፈራውን ማን እንደመራ፣ ዝናቡ ዳሱን እንዴት እንዳራሰው፣ ስንጠይቃት "እኔ እንጃ ረሳሁት" የምትለንን ሁሉ ዘረገፈችው። በጉርምስናና በወጣትነት የሰማነው ዘፈን ከሌላው ይልቅ ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ወሎዬ ሲሆን ደግሞ ይብሳል መሰለኝ፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በእኛ በወሎ ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት፣ ትንሽ ብንኮራ አይፈረድብንም።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ልጁ ለዘፈኖቹ ስም አይጽፍም፣ ሁሉም "ትራክ 1፣ ትራክ 2" ነው። ነገ ያለውም ነገ አይደርስም። ዋጋው ግን አይጎዳም። ካሴታችሁን ሳትቀበሉ እንዳትወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለቤት የሌለው ካሴት ተከምሯል።