ከሸራ ጀልባ ላይ ማኬሬል ለማጥመድ፦ ባለ ፓራቬኑ የእጅ ክር

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ በተለይም በኮርንዎል ወደቦች፣ የጀልባ ዕቃ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማዕቀፍ ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ክር ተሰቅሎ ማየቱ አይቀርም። እኔ የገዛሁት 20 ፓውንድ እንኳን ያልሞላ ሲሆን፣ ዘንግም ሆነ ማጠንጠኛ የሌለው፣ ላየው ሁሉ የልጆች መጫወቻ የሚመስል ዕቃ ነው። ያም ሆኖ ማኬሬል የተባለውን የባሕር ዓሣ ከሸራ ጀልባ ላይ ለማጥመድ ዋጋው ብዙ እጥፍ ከሆነው ዘንግ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ በጠባብ ጀልባ ላይ ረጅም ዘንግ ከሸራውና ከገመዶቹ ጋር ሲጋጭ ይውላልና።

የዕቃው ብልሃት ያለው ፓራቬን በተባለችው መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ ነው። ተራ የእርሳስ ክብደት የታሰረበት ክር ጀልባው በ2 ኖት ገደማ (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲያዘግም በደንብ ይሠራል፤ ነፋሱ በርትቶ ፍጥነቱ 4 ኖት ሲደርስ ግን ውኃው ክሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው መንጠቆው በውኃው ገጽ ላይ እየዘለለ ይጎተታል፤ ማኬሬሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ ነው። ፓራቬኗ አፍንጫዋን ወደ ታች አዘንብላ ስለምትጎተት የጀልባው ፍጥነት ራሱ ወደ ጥልቁ ይስባታል፤ ተራውን ክር ከንቱ የሚያደርገው ፍጥነት ለእርሷ ጉልበት ይሆናታል ማለት ነው። ዓሣ ተይዞ ከኋላ ሲጎትታት ሚዛኗ ይዛባና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ውኃው ላይ ብቅ ትላለች። በአንድ እጁ መሪውን ለያዘ፣ ዓይኑንም ሸራው ላይ ለጣለ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት አያስፈልገውም።

ዕቃውን የሞከርኩት በፋልማዝ የባሕር ወሽመጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ሥራ ከጀመረው የቅዱስ አንቶኒ የመብራት ማማ ፊት ለፊት ባለው ውኃ ላይ ነው። ክሩን በጣቶች መካከል ይዞ መጠበቅ ይቻላል፦ ሰሌዳዋ ስትጠልቅ የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማል፤ ንዝረቱ ድንገት ጠፍቶ ክሩ ሲላላ ወደ ላይ እየወጣች እንደሆነ ይታወቃል። ቀጥሎ ክሩን በእጅ መሳብ፣ ሰሌዳዋን ወደ ጀልባው ማስገባት፣ ከእርሷ በኋላ የቀረውን አራት ሜትር ያህል ቀጭን ክር ደግሞ ሳያላሉ መጨረስ ነው። ዓሣው መጀመሪያ የሚታየው በነጭ ሆዱ ብልጭታ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጀርባው፣ በላዩም የተጥመለመሉት ጥቁር መስመሮች ይለያሉ። ማኬሬል እንደ ብዙዎቹ ዓሦች በሰውነቱ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚያቆየው የአየር ከረጢት ስለሌለው ዕድሜውን ሙሉ ሲዋኝ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ በጀልባው ወለል ላይ ሲያርፍ የጅራቱ ፍጥነት ይህንኑ ያሳያል።

ጉድለቱም ጥቂት አይደለም። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ላባ የታሰረበት ባለ ስድስት መንጠቆ ክር በሚሄድ ጀልባ ላይ መከራ ነው፤ ስድስት ስለት በነፋስ እየተወዛወዘ ከሸራው፣ ከልብሱና ከጣቱ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ያንን አንሥቶ አንድ አብረቅራቂ የብረት ማማለያ ብቻ ማሰር ይበጃል። ክሩ እንዳይጠመዘዝ የተደረገው ተሽከርካሪ ቀለበት ርካሽ ሆኖ ስላገኘሁት በተሻለ ቀይሬዋለሁ። መመሪያው ወረቀትም ጀልባው ነፋሱን በሌላ ጎኑ ለመቀበል ሲዞር ክሩ መሪው ላይ ሊጠመጠም እንደሚችል አንዲት ቃል አይናገርም፤ ከመዞር በፊት ክሩን ማሳጠር ግድ ነው። ከ5 ኖት በላይ ሲኬድ ጉተታው እጅን ስለሚቆርጥ ጓንት ማድረግ፣ ክሩንም ጀልባው ላይ ካለ ማሰሪያ ጋር በወፍራም ላስቲክ ማያያዝ ያስፈልጋል። ፍጥነቱን መቀነስ ለሚፈልግ የፊተኛውን ሸራ ማውረድ ከሁሉም ይቀላል።

ማኬሬል በመንጋ ስለሚሄድ አንዱ ከተያዘ ሌላው ወዲያው ይከተላል፤ ባልዲ መሙላትም ቀላል ነው። ግን ለማን? እ.ኤ.አ. በ1981 በዚሁ ጠረፍ ትልልቅ መረብ ጣይ መርከቦችን የሚገድብ ክልል የተበጀው፣ በ2019ም የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ማኬሬል የዘላቂ አሳ ማጥመድ ምስክር ወረቀት የታገደው ዓሣው የማያልቅ ስላልሆነ ነው። ደግሞም ቶሎ ይበላሻል፤ በሙቀት ከቆየ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን ይከማቻል፣ ይህም ቢጠበስ ቢቀቀል አይጠፋም። እንደተያዘ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በረዶ ውስጥ መክተት፣ ለማዕድ ከሚበቃው በላይ የሆነውን ሳይጎዱ መልሶ መልቀቅ ተገቢ ነው። ቆሮሶ ለለመደ ሰው ቅባቱ ሊበዛበት ይችላል፤ በመጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ጠብሶ ሎሚና አዋዜ ቢያደርግበት ግን አይጠላውም።

ነፋሱ ሞቶ ጀልባው ከ2 ኖት በታች ሲያዘግም ፓራቬኗ አትጠልቅም፤ ስለዚህ በዚሁ ዋጋ ገደማ የሚገኘውን ተራ ባለ እርሳስ ክር አብሮ መግዛት ያዋጣል።