2,800 ብር ከፍዬ የገዛሁት «ግሪን ቲ»፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

ባለፈው ወር ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ኦሪጅናል የማቅጠኛ ግሪን ቲ! በ28 ቀን 10 ኪሎ! ያለ ስፖርት፣ ያለ ዳይት!» ከስሩ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል የሴት ፎቶ አለ። አሁን ሳስበው ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰው አይደሉም፤ ጆሯቸው እንኳን አይመሳሰልም። ያኔ ግን ዓይኔ ያረፈው 10 ኪሎ የሚለው ላይ ብቻ ነበር። የእህቴ ሰርግ ደርሷል፣ ቀሚሱም አልዘጋ ብሏል። ብሩን በስልኬ ላክሁ፣ ዕቃው በሞተር መጣልኝ።

«ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ከረጢት» ይላል አጠቃቀሙ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠጣሁ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ቁርጠት ቀሰቀሰኝ። ከዚያ እስኪነጋ ከአልጋ ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ። ኮሶ ስለሚጠጡ ሰዎች በልጅነቴ ሲወራ እሰማ ነበር፤ ይኸው እኔም ደረሰኝ። ጠዋት ለሻጯ ጻፍኩላት። «ውዴ አትፍሪ፣ ስቡ እየወጣልሽ ነው፣ ዲቶክስ እኮ ነው» አለችኝ።

አምስት ቀን ቀጠልኩ። አልዋሽም፣ ሚዛኑ ላይ 2 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ግን ራሴን ያዞረኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን 2 ኪሎዬ ተመልሶ መጣ። የወጣው ስብ ሳይሆን ውሃ ነበር። ብሬን መልሺ ስላት ብሎክ አደረገችኝ።

ነገሩን የገለጡልኝ የእናቴ ጓደኛ፣ ጎረቤታችን ናቸው። ከረጢቱን ቀደው አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄማ ሰናመኪ ነው! ስንት ሰጠሽበት?» ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ካርቶኑን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው እውነትም በደቃቅ ጽሑፍ «ሰና» ይላል፣ ያውም መጀመሪያ ላይ። ግሪን ቲ የሚለው አራተኛ ነው።

ሰና አንጀትን እያነሳሳ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ለሆድ ድርቀት ለጥቂት ቀን ቢወሰድ ክፋት የለውም። በየቀኑ ሲጠጣ ግን ውሃና ፖታሲየም ጠራርጎ ያወጣል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። ተቅማጡ ሲበረታ የእርግዝና መከላከያ ክኒን እንኳ በአግባቡ ሳይሰራ ሊቀር ይችላል። ሥራውን የሚጀምረው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። «ማታ ጠጪው» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህቺን ልብ በሉ፦ እውነተኛ ግሪን ቲ ካፌይን አለው። ካፌይን ያለበትን ነገር ከመኝታ በፊት ጠጡ የሚል ሻጭ ሌላ ነገር እየሸጠላችሁ ነው።

ቅጠሉም ይናገራል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሲፍታታ ዘርጉት። የሻይ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። የሰና ቅጠል ጠርዙ ለስላሳ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዱቄት ከሆነ ግን ይህ አይሰራም፤ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ግሪን ቲ ራሱ ምን በደለ? ተክሉ በከፋ ውሽውሽና በኢሉባቦር ጉማሮ ከሚበቅለው ሻያችን ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ቅጠሉ እንደተለቀመ በእንፋሎት ወይም በምጣድ ስለሚሞቅ አለመጥቆሩ ነው። ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት ይቀሩለታል። መጥፎውን ኮሌስትሮል በመጠኑ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ማቅጠኑን ግን እርሱት። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ ጥናቶቹን አንድ ላይ አይቶ፣ የሚቀንሰው ክብደት እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ጽፏል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለውን ሻይ ትታችሁ እሱን ያለ ስኳር ብትጠጡ ትቀንሱ ይሆናል፤ ያ ግን የስኳሩ ሥራ ነው።

አፈላሉ እንደኛ ሻይ አይደለም። ከቅርንፉድና ቀረፋ ጋር አታንተክትኩት። ውሃው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሆነ ውሃ ገና በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ አውርዳችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አራት አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ማጥለል። ከመረረ ወይ ውሃው ፈጅቷል ወይ ብዙ ቆይቷል። ደም ማነስ ያለባችሁ ሽሮና ምስር በበላችሁበት አፍ አትጠጡት፤ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። አንድ ሰዓት አሳልፉ። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«ግሪን ቲ ካፕሱል» ከሚባለውም ራቁ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የተባለውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በማሟያ መልክ መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል ብሏል። ኩባያ ሻይና የተጨመቀ ክኒን አንድ አይደሉም። አንዳንዱ የማቅጠኛ ክኒን ውስጥ ሲቡትራሚንም ተገኝቷል፤ ልብን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው።

የገዛችሁ ካላችሁ ካርቶኑን አትጣሉት። ፎቶ አንሱና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ጠቁሙ። እኔ ጠቁሜያለሁ። ትናንት ያንኑ የሴቶች ፎቶ ሌላ ቻናል ላይ አየሁት። የሻዩ ስም አሁን «የጃፓን ማቻ» (የግሪን ቲ ዱቄት ማለት ነው) ሆኗል፣ ዋጋው ደግሞ 3,500 ገብቷል።