ኤፍዲኬ ወይስ ደጋጋሚ ስሌት? የኢንዱስትሪ ሲቲ ለሚገዙ

የኢንዱስትሪ ሲቲ ስካን ማሽን የዕቃውን ውስጥ በቀጥታ አያይም። የሚያነሳው ዕቃው ሲዞር ከየአቅጣጫው የሚገኘውን የኤክስሬይ ጥላ ነው። ከጥላዎቹ ተነስቶ ውስጡን የሚገነባው ሒሳብ ነው። ሻጮች ስለ ኪሎቮልቱ፣ ማለትም ስለ ኤክስሬዩ ጉልበት፣ ብዙ ያወራሉ። እርስዎ ግን ስለ ሒሳቡም ይጠይቁ፤ ኤፍዲኬ ነው ወይስ ደጋጋሚ ስሌት?

ኤፍዲኬ የሚባለውን የስሌት ዘዴ ፌልድካምፕ፣ ዴቪስና ክሬስ የተባሉ የፎርድ መኪና ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ጥላ ያጣራል፤ ከዚያ በመጣበት አቅጣጫ መልሶ ይዘረጋዋል። ስሌቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ፈጣን ነው። ችግሩ ብዙ ጥላ መፈለጉ ነው። ጥላውን የሚያነሳው መቀበያ ስፋቱ 1000 ፒክስል ከሆነ 1500 ገደማ ጥላ ቢኖር ጥሩ ነው። በጣም ካነሰ ምስሉ በመስመር ይሞላል።

ደጋጋሚው ስሌት ሌላ መንገድ ይከተላል። መጀመሪያ ውስጡን ይገምታል። ከግምቱ ጥላ ያሰላል፣ ከእውነተኛው ጥላ ጋር ያስተያያል፣ ልዩነቱን ያርማል። ይህን ደጋግሞ ያደርጋል። ሥሩ የፖላንዱ የሒሳብ ሰው ካችማርዝ በ1937 ያወጣው ዘዴ ነው። ጥላው ጥቂት ሲሆን ወይም ምስሉ ሲረበሽ በግልጽ ይበልጣል። ግን ጊዜ ይበላል፤ ጠንካራ ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንዴ የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል) ይፈልጋል። በየአቅጣጫው 2000 ነጥብ ያለው ምስል ብቻውን 32 ጊጋባይት ይይዛል።

ዕቃዎ ትንሽ ከሆነና ሙሉ ዙር ከዞረ፣ በቀን ብዙ ዕቃ የሚመረምሩም ከሆነ፣ ኤፍዲኬ ይበቃዎታል። ለደጋጋሚው ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ።

ዕቃው ሰፊ ሰሌዳ ሆኖ ሙሉ መዞር ካልቻለ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ስንጥቅ በደንብ የሚታየው ጨረሩ በስንጥቁ ርዝመት ሲያልፍ ነው። አቋርጦት ብቻ ካለፈ ጥላው ላይ የሚተወው ምልክት ኢምንት ነው። ደጋጋሚው እዚህ ከኤፍዲኬ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ያልተነሳውን አቅጣጫ የሚሞላው ግን በግምት ነው። «ሶፍትዌራችን ሁሉንም ያወጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት አይመኑት። ሰው የሚሳፈርበት ዕቃ ሲሆን ይህ ቀልድ አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት አስትራ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ይሞክሩ። ሁለቱንም ዘዴ ይዟል፤ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ግን ያስፈልገዋል። ለሙከራ ሲሄዱ የቀዳዳውን ቦታና መጠን የሚያውቁትን የራስዎን ዕቃ ይውሰዱ። በሁለቱም ዘዴ ያሠሩትና ያስተያዩ። ጥሬ ጥላዎቹን በሌላ ሶፍትዌር በሚነበብ ፋይል የማያስረክብ ማሽን ከሆነ፣ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት።