ገናን ከሕፃናት ጋር፦ በቤት ወይስ በላሊበላ?

ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች በዓሉን ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር የት እንደሚያሳልፉ ያመነታሉ።

ወጪ፦ በቤት፣ የዶሮና የቅቤ ዋጋ ቢከብድም ከዚያ አያልፍም። በላሊበላ የመጓጓዣና የማረፊያ ክፍያ ይጨመራል።

ምቾት፦ በቤት ሕፃኑ በለመደው ሰዓት ይተኛል፤ ከወላጆች አንዱ ለሌሊቱ ቅዳሴ ሲሄድ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይቆይና ጠዋት ሁሉም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ለእኔ የበዓል ሰላም ማለት ይህ ነው። በላሊበላ ግን እንቅልፍም ምግብም ሰዓቱን ይስታል።

ስጋት፦ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከአለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉት ገደላማ ጠርዞችና በሕዝብ የተጨናነቁት ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ መራመድ ለጀመረ ልጅ አደገኛ ናቸው። በቤትም ቢሆን በተዘጋ ክፍል የሚነድ የቡና ከሰል መርዛማ ጭስ ስላለው መስኮት መከፈት አለበት።

በላሊበላው ቤተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው የ«ቤዛ ኩሉ» ዝማሬ በእርግጥ ምትክ የለውም። ስለዚህ ልጆቹ ረጅም ሰዓት መቆም የሚችሉና የሚያዩትን የሚረዱ ከሆኑ፣ በተለይም በዚያ ዘመድ ካለ፣ ላሊበላ ይመረጣል፤ ጡት የሚጠባ ወይም በቅርቡ የታመመ ሕፃን ላለው ቤተሰብ ግን ቤት ይሻላል።