«ተይው» ብሎ ብር ያልተቀበለኝ ድሬድ ሠሪ

ድሬድ ጀምራችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ረዘም ይላል፣ ብሶትም አለበት። ግን አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። ሳላመሰግነውም ብዙ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ብሶቱ ይውጣልኝ። ፀጉሬን ድሬድ ያስጀመርኩት በከተማው ስሙ የሚጠራ ሳሎን ሄጄ ነው። የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ፀብ አልፈልግም። ሶፋው ያምራል፣ ማኪያቶ ያቀርባሉ። የሠራችኝ ልጅ ግን አንድ እጇ ጭንቅላቴ ላይ፣ አንድ እጇ ስልኳ ላይ ነበር። ሰሙን ለቀለቀችው። ሥሩን ጠምዝዛ ጠምዝዛ ቅንድቤ ወደ ላይ እስኪሳብ አጠበቀችው። ከዚያ ካስክ ውስጥ ከተተችኝ። «አመመኝ እኮ» ስላት «መዋብ እንዲሁ በነጻ መስሎሽ ነው?» ብላ ሳቀች። በነጻማ አልነበረም፤ የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ያን ዕለት ማታ ጭንቅላቴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ማስታገሻ ውጬ ተቀምጬ አነጋሁ።

ስወጣ የተሰጠኝ ትእዛዝ «ለወራት እንዳትታጠቢ፣ በየሳምንቱ ግን ነይ» የሚል ነበር። ካልሄድኩ ይፈታል አሉኝ። እኔም በየሳምንቱ እሄዳለሁ። በየሳምንቱ ይጠብቃል፣ በየሳምንቱ ሰም ይጨመራል፣ በየሳምንቱ እከፍላለሁ። ሰሙ የአዲስ አበባን አቧራ ሰብስቦ ጨረሰው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ የነጠላዬ ጥጥ ይለጠፍበታል፤ ያየኝ ሁሉ ፎሮፎር ይለዋል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት ባዞረ ቁጥር «ሸትቼው ነው» እያልኩ እሸማቀቅ ነበር።

ሌላ ቦታ ቀየርኩ። እዚያ ደግሞ ኪሮሽ ነው። ኪሮሽ እኔ የማውቀው እናቴ ዳንቴል ስትሠራበት ነው። ወግቶ ያስገባል፣ ስቦ ያወጣል። የተበጠሰው ፀጉር ፎጣው ላይ ተከምሮ እያየሁት «ያለ ነው፣ አይዞሽ» ይሉኛል። ከጆሮዬ በላይ ያለው መሳሳት ጀመረ። «እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የዘር ይሆናል» ተባልኩ። የዘር! የእናቴ ፀጉር እስከ ዛሬ ወገቧን ይነካል።

ልላጨው ቆርጬ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት «ከመላጨትሽ በፊት ይሄን ልጅ አሳይው» ያለችኝ። የእሷ ድሬድ ያምራል፤ ሊፍት ውስጥ ሁሌ ከኋላዋ ቆሜ ነው የማየው።

ቦታው ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ታፔላ እንኳን የላትም። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ጥግ ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖች። ማኪያቶ የለም። ስገባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተመልሼ ልወጣ ነበር።

ልጁ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረው፣ ብርሃን ፍለጋ። ምንም ሳይነካ ቆሞ አየኝ። ሰም የለም፣ ኪሮሽ የለም። ከዚያ አንዷን ድሬድ በሁለት ጣቱ ይዞ ከሥሯ እስከ ጫፏ ቀስ እያለ ዳበሳት። መሃል ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «እህቴ፣ ይቺን ንኪያት» ብሎ ጣቴን ወስዶ እዚያው ላይ አስቀመጠው። ሽምብራ የምታክል ጠጠር ያለች ነገር አለች። «እምቡጥ ነው። ፀጉሩ ውስጥ ውስጡን መቋጠር ጀምሯል» አለኝ። «ፀጉርሽ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሰው ነው የማያስጨርሰው።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስከፍል ያቺን እምቡጥ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለፀጉር ይለቀሳል እንዴ እንዳትሉኝ። ይለቀሳል።

«ዛሬ አልጠመዝዝልሽም» አለ ቀጥሎ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ብሬን ይዤ ነው የሄድኩት። «ሥሩ ደክሟል። አሁን ብስበው ይነቀላል። ላጥብልሽና ሂጂ፣ ከዚያ ተይው።» ያን ቀን ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ጠፍቷል። ከጀሪካኑ ቀድቶ፣ ምድጃ ላይ አሙቆ፣ በጆግ እያፈሰሰ ያንን ሰም ያስለቅቅልኝ ጀመር። ምን ምን እንደቀላቀለ አልጠየቅሁትም፣ ቢነግረኝም አይገባኝም። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ሆኖ ነው የወረደው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አልተወኝም። አንዴም አልተነጫነጨም።

ሲጨርስ «ስንት ነው?» አልኩት። «አልጠመዘዝኩልሽ፣ ምኑን ነው የምትከፍይኝ?» አለ። «ለውሃው እንኳን» ብዬ ብለምነው «ሲያድግ ትከፍይኛለሽ» ብሎ ሸኘኝ። በዚህ ከተማ፣ በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ደንበኛ ብር ዘርግቶለት «ተይው» የሚል ባለሙያ ካያችሁ ንገሩኝ።

የነገረኝን እኔ እንደገባኝ ላካፍላችሁ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ፀጉር ይረግፍለታል። ሌላው ሰው ማበጠሪያው ላይ ያገኘዋል። ድሬድ ላይ ግን አይወድቅም፣ ውስጡ ይቀርና ካልረገፈው ጋር ይቋጠራል። ድሬዱን ድሬድ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ሰም አይደለም። መጀመሪያ ላይ ይንጨባረራል፣ ያብጣል፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆናል፣ እንዲያውም ያጥራል። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚደናገጠውና ሳሎን የሚሮጠው። እስኪበስል ዓመት፣ ዓመት ተኩል፣ እንደ ፀጉሩ ዓይነትም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

አንድ ነገር ሲለኝ ግን ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። «ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በሳምንት ታዲያ ምኑን ነበር የሚጠመዝዙልሽ?»

እሱ ያደገው ሻሸመኔ ነው። ሥራውን የለመደው ጃማይካ ሰፈር ካሉ ሽማግሌዎች ነው ይላል፤ በ1940ዎቹ ጃንሆይ በሰጡት መሬት ላይ መጥተው ከሰፈሩት ራስታዎች። እነሱ ማበጠሪያም ምላጭም አያስነኩትም፣ ማጠብና መጠበቅ ነው። እንደነሱ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው አላለኝም። አንዳንዴ ሥሩን ላላ አድርጎ ያስይዝልኛል፣ ያውም ወር ካለፈ በኋላ። ቶሎ ከሄድኩ ይመልሰኛል። መልሶኝም ያውቃል።

እናቴን ሳላነሳ አላልፍም። ድሬዱን መጀመሪያ ያየች ቀን «ምነው ልጄ፣ ስለት አለብሽ? ባህታዊ ልትሆኚ ነው?» ነበር ያለችው። ቆይታ ስትለምደው ደግሞ በሌላ መጣች። ለእንቁጣጣሽ ለጋ ቅቤ በዕቃ ይዛ፣ «ደርቋል፣ ነይ ልቀባሽ»። ፀጉር ያለ ቅቤ አይሆንላትም፣ አሳድጋኛለች በዚያው ቅቤ። እምቢ ማለት አቃተኝና ደወልኩለት፤ ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።

«እማማ፣ ሹሩባ ቢሆን ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ቅቤው ይወጣል። ይሄ ግን አይፈታም። ውስጡ ገብቶ ይቀራል፣ ከዚያ ይሸታል» አላት ረጋ ብሎ።

«ታዲያ እንዲህ ደርቆ ይቅር?»

«አይደርቅም፣ እኔ አየዋለሁ። በአምስቱ ዘመን አርበኞቹ ጫካ ሲገቡ ማን ቅቤ ቀባቸው? ለጋውን ደግሞ ለእኔ ይላኩልኝ፣ ገንፎ ላይ አደርገዋለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ ነገረኛ ነህ!» ብላ ሳቀች። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ቅቤውን በማግስቱ እኔው ወስጄ እንድሰጠው አደረገችኝ። አሁን ስትደውልልኝ ከእኔ ቀድማ የእሱን ደህንነት ነው የምትጠይቀው።

በቀረው ነገር ብዙ አያስጨንቃችሁም። ታጠቡ ይላል፣ ንጹሕ ፀጉር ቶሎ ይቋጠራል። ከታጠባችሁ በኋላ ከሥር የተያያዙትን ድሬዶች በጣት ለዩ። በደንብ ይድረቅ፣ በተለይ ክረምት ላይ። እርጥቡን በሻሽ ጠቅልሎ መተኛት የሻጋታ ሽታ ያመጣል። ማታ ሳቲን ሻሽ እሰሩ፣ ጥጡ እንዳይገባበት። ከዚህ ሌላ እጃችሁን አንሱ ነው የሚለው። እኔ እጄን ማንሳት ነበር ያቃተኝ፣ ስብሰባ ላይ ሳይታወቀኝ እየጠመዘዝኩ እገኛለሁ።

ከጆሮዬ በላይ ሳስቶ የነበረው ቦታ ላይ አዲስ ፀጉር ወጥቷል። አጭር ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አስቂኝ ነው። በየጠዋቱ መስታወት ፊት እነካዋለሁ። የዘር አልነበረም።

እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮ አያከብርም፤ ሦስት ሰዓት ካላችሁ አራት ሰዓት ብላችሁ ያዙ። ስለ አርሴናል ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ ከተሸነፉ ደግሞ ባትሄዱ ይሻላል። እጁ ግን! የሠራኝ ቀን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል። ያቺ ማስታገሻ ውጣ ተቀምጣ ያነጋችው ሴት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሂዱ። ልላጨው ብላችሁ የቆረጣችሁም፣ ከመላጨታችሁ በፊት አንዴ አሳዩት። ልጆቻችሁን ድሬድ የምታስጀምሩም እሱ ጋ ውሰዱ፣ የልጅ ፀጉር ላይ ሲሆን ይበልጥ ይጠነቀቃል። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህ ይባረክ።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ሁላችሁም በአንዴ ብትደውሉ አይችለውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ሰኞ አይሠራም። ሰም የተቀባ ፀጉር ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት ከዋዜማው ንገሩት፣ ውሃ ያጠራቅማል።