ፍራንኮ አካባቢ ያለችው የግመል ወተት ቤት

አዳማ ውስጥ የግመል ወተት ካማራችሁ ፍራንኮ አካባቢ ያለችውን ትንሽ ቤት እመክራለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሄጃለሁ። ወተቱ ቀጠን ያለ ነው፤ ጨው ጨው ይላል። ቅሉ በወይራ ስለሚታጠን ጭሱ አፍ ላይ ይቆያል። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። የላም ወተት የለመደ ሰው መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ ይሞክር።

ሻጯ እናት ከፈንታሌ ናቸው። «ድሮ የላም ነበር የምንሸጠው ልጄ። ሣሩ አለቀ፣ ላሞቹም አለቁ» አሉኝ። ይህን ሲሉ እጃቸው ቅሉን መወልወል አላቆመም። ላም ያለ ሣር አትሆንም፤ ግመል ግን ከእሾህ ዛፍ ላይም ቅጠል ለቅሞ ያድራል። ሙቀቱ ሲጨምር፣ ዝናቡ ሲዛባ፣ ሣሩ ይሳሳል፤ ቦታውን ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ቦረና ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ስንት ቤት ያለ ከብት ቀረ! ያንን ሳስብ ብርጭቆዬን ጠብታ ሳላስቀር ነው የምጨርሰው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ቀን ወተቱ በጀሪካን ይመጣል፤ ያን ቀን ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። የቅሉን ጠይቁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ አታገኙም።